ባርኮድ የአውሬው ምልክት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በቲክቶክ ያየሁት ቪዲዮ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የዕቃ ባርኮድ ሁሉ 666 ተደብቆበታል ይላል። ለጽዋ ማኅበራችንም በቴሌግራም ልኬዋለሁ። ቤት ያለውን ሳሙናና ዘይት ልጣለው? እስካሁን በመጠቀሜስ ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ምንም አትጣዪ። በሳሙናው እጠቢ፣ በዘይቱም ወጥ ሥሪበት። በመጠቀምሽ ኃጢአት የለብሽም።

ባርኮዱን ቀርበሽ እዪው። በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ሁለት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ረዘም ይላሉ። «ሦስቱ ስድስት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በባርኮዱ ቀኝ ግማሽ 6 ቁጥር የሚጻፈውም በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን 6 ሰፊ ክፍተት ይከተለዋል፤ እነዚህ የላቸውም። ኮዱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚጋመስና የት እንደሚያልቅ ለማሽኑ ያሳያሉ እንጂ ቁጥር አይደሉም። ይህ ባርኮድ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ነው፤ ዕቃውም ማስቲካ ነበር።

አሁን ራእይ ምዕራፍ 13ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ምልክቱ በቀኝ እጅ ወይም በግንባር ይሆናል ይላል። ነገሩም ከስግደት ጋር የተያያዘ ነው። ምዕራፍ 14 ቁጥር 9 ላይ የሚወቀሰው ለአውሬው የሚሰግድና ምልክቱን የሚቀበል ነው። ሳሙና ገዝቶ ሳያውቅ ክርስቶስን የካደ ሰው በመጽሐፉ የለም። ደግሞም በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ የአብ ስም በግንባራቸው የተጻፈባቸው ከበጉ ጋር ቆመው ታያለሽ። አንቺም በተጠመቅሽ ዕለት በቅዱስ ሜሮን ታትመሻል። ይህን ማኅተም የካርቶን ጽሑፍ አይፍቀውም። የአውሬውን ምልክት ስንፈልግ የራሳችንን ማኅተም መርሳታችን በጣም ያሳዝነኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ቪዲዮውን መላክሽ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ የሚያደርሰውን በአንድ ምሳሌ እዪ። አሪኤልንና ፓምፐርስን የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የድሮ ምልክቱ ጨረቃና 13 ከዋክብት ነበር። ከዋክብቱ አሜሪካ የተመሠረተችባቸውን 13 ግዛቶች የሚያስታውሱ ናቸው። ሰዎች ግን «የሰይጣን ነው» አሉ። የድርጅቱ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሰይጣንን እንደሚያገለግል ተናገረ ተብሎም ተወራ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተላልፎ አያውቅም። ወሬው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ጭምር ተዛመተ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ምልክቱን ከዕቃዎቹ ላይ አነሣ። ወሬውን ባሰራጩ ነጋዴዎች ላይ በከፈተው ክስም እ.ኤ.አ. በ2007 የ19.25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደለት። ያን ወሬ ሲያባዙ ከነበሩት ብዙዎቹ አማኞች ነበሩ፤ ለእግዚአብሔር የቀኑ መስሏቸው በሐሰት መሰከሩ። ዘጸአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል። ኢሳይያስ 8፥12 እና 13 ደግሞ ሕዝቡ ዱለት (ሴራ) ያለውን ሁሉ ዱለት እንዳንል፣ የሚፈራውንም እንዳንፈራ፣ እግዚአብሔርን ብቻ እንድንፈራ ያዝዛል።

ይህን ስል «በስክሪን የሚመጣ ሁሉ ምንም አይደል» ማለቴ አይደለም። ልጆቻችን የሚያዩት ዝሙትና ጭካኔ ተደብቆ አይደለም የሚመጣው፤ በግልጽ ነው። ወላጅ የካርቶን መስመር ሲቆጥር ልጁ ስልኩን ይዞ ሌላ ክፍል ይገባል። ትኩረትሽን እዚያ አድርጊው።

ለማኅበርሽም ዛሬውኑ «የላክሁት ቪዲዮ እውነት አይደለም፣ ይቅርታ» ብለሽ ጻፊ። ለንስሐ አባትሽ ስትናዘዢ ሳሙናውን ሳይሆን ሳታጣሪ ማሰራጨትሽን ንገሪያቸው።