ሁለት ገጽ ስለ ክሩስኮቱ፣ አምስት መስመር ስለ ታሪኩ

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፦ ወንድማችን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። ትምህርቱን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ሊሄድ አስቧል። የያዘው «ናይት ራይደር»ን፣ ያን የሚናገረውን ጥቁር መኪና ድራማ፣ እንደገና ለማስነሳት የጻፈውን ድርሰት ነው። አባቱ «ወደ ነርሲንግ ቀይር» ይሉታል። እናቱ ደግሞ የእቁብ ዕጣቸውን ለጉዞው ሊሰጡት ቃል ገብተዋል።

የእቁቡን ነገር እናስቀድም። ለእናትህ «አልቀበልም» በላቸው፣ ዛሬውኑ። ድራማው የተሠራው በዩኒቨርሳል ነው፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ደግሞ ሳይጠይቁ የተላከላቸውን ድርሰት ሳያነቡ ነው የሚመልሱት፤ ነገ «ሐሳቤን ሰረቁኝ» የሚል ክስ እንዳይመጣባቸው። በእናትህ ገንዘብ እዚያ ድረስ ሄደህ ጥበቃውን ብቻ አናግረህ ትመለሳለህ።

ብዙ ልነግርህ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። በደብዳቤህ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ መኪናው ክሩስኮት ጽፈሃል፦ የትኛው ቁልፍ በምን ቀለም እንደሚበራ፣ መኪናው ሲናገር ቀያዮቹ መስመሮች ከድምፁ ጋር እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚሉ፣ ሽቦው በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል። ስለ ታሪኩ ግን አምስት መስመር ብቻ። ባለ ታሪኩ እንኳ ስም የለውም። ወንድሜ፣ አንተ ድርሰት መጻፍ አይደለም የምትወደው። መኪናውን መሥራት ነው የምትወደው። ይህ ራሱን የቻለ የእንጀራ ሥራ መሆኑን የነገረህ ሰው ስለሌለ ብቻ ደራሲ መሆን ያለብህ መስሎህ ነው።

ድራማውን የፈጠረው ግሌን ላርሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። ግን አንድን ፖንቲያክ ትራንስ አም መኪና የሚያስብ ፍጡር ያስመሰለው ማን ነው? ያን አንተ ሁለት ገጽ የጻፍክለትን ክሩስኮት የነደፈው ማይክል ሼፊ የተባለ ባለሙያ ነው። ከዚያ በ1985 በወጣው የጊዜ ጉዞ ፊልም የዴሎሪያኗን መኪና ሥራ የመራውም እሱ ነው። ድራማው ሳያልቅ ሙያው ወደ ሌላ መኪና ወሰደው ማለት ነው። መኪናው ያለ ሾፌር ሲሄድ የምታየው ደግሞ፣ ወንበር በሚመስል ሽፋን ውስጥ የተደበቀ ሰው ስለሚነዳው ነው። ያን ወንበር ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ የሠራ ሰው አለ። ድምፁን የሰጠው ዊልያም ዳንኤልስ በዚያው ዘመን በሌላ ድራማ ላይ ሐኪም ሆኖ ይተውን ነበር፤ በራሱ ፈቃድ ስሙ በመኪናው ድራማ ላይ እንዳይጻፍ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ድራማውን ሲያስነሱት ምን እንደሆነ ደግሞ ተመልከት። መኪናው ፎርድ ሙስታንግ ሆነ። ለድምፁ የተመረጠው ዊል አርኔት የጂኤምሲ መኪናዎች ማስታወቂያ ድምፅ ስለነበር፣ ለተፎካካሪው ለፎርድ መናገር አልቻለምና ለቀቀ፤ ቫል ኪልመር ተተካ። ድራማው አንድ ሲዝን እንኳ በወጉ ሳይሞላ ቆመ። አየህ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስነው ውል ነው። አንተ ከቤትህ ሆነህ ድርሰትህን የፈለግከውን ያህል ብታሳምረው ያን ውል አታንቀሳቅሰውም። የሠሪው እጅ ግን ድራማው ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሽቦ መበየጃ ካውያ ይዤ ሠርቻለሁ። አዘጋጅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፕሮግራም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የድምፅ ሚክሰሩ ዝም ሲል ግን የሚጠራው የእኔ ስም ነበር።

ስለዚህ ትምህርትህን አታቋርጥ። ሰርኪዩትና ኮንትሮል የምትማረው ለዚሁ ሥራ ነው። ከተመረቅህ በኋላ በሆሊዉድ የፊልም ዕቃና የልዩ ኢፌክት ሠሪዎች ማኅበር፣ ሎካል 44 የሚሉት፣ እንዴት እንደሚገባ ጠይቅ። ያኔ ሎስ አንጀለስ ብትሄድ እኔም እመርቅሃለሁ።

አባትህ «ነርስ ሥራ አያጣም» ማለታቸው እውነት ነው። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ልጃቸውን ሕመምተኛ አጠገብ ማቆም ለሕመምተኛውም በደል ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የከፈሉትን ክፍያ ውሃ የሚያስበላው የአንተ ሎስ አንጀለስ ብቻ አይደለም፤ የእሳቸውም ምክር ያስበላዋል። ይህን ደብዳቤ አንብብላቸው።

የመኪናው ድምፅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሁን ወይ ላልከው፦ አይሁን። ተዋናይ ይናገረው።

እስከ ክረምቱ ዕረፍት ድረስ አንድ ሥራ ልስጥህ። ከመኪናው አፍንጫ ላይ ከግራ ቀኝ የሚመላለሰውን ቀይ መብራት ሥራልኝ። በዚያ ዘመን አምፖል ነበር፤ የአምፖል ክር ቀስ ብሎ ስለሚጠፋ ብርሃኑ ጭራ ይጎትታል። ኤልኢዲ ግን እልም ነው የሚለው። ያን ጭራ በኤልኢዲ አምጣው። ሲሠራ በስልክህ ቅረጸው፤ ከሰርኪዩቱ ሥዕል ጋር ላክልኝ። ሦስት ጊዜ ተቃጥሎብህ ከነበረ የተቃጠለውንም ፎቶ ጨምርልኝ።