ልጁማ ሰምቷል

ይድረስ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ለምትይዙ ጀማሪ መምህራን፤

እንደምን ናችሁ ልጆቼ? እኔ ደብረ ብርሃን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስታፍ ውስጥ ከምሰማቸው ወሬዎች ሁሉ የምትሰለቸኝ "ይሄ ልጅ አይሰማም" የምትለዋ ነበረች። ልጁማ ብዙ ጊዜ ሰምቷል። እንዲያውም ቸኩሎ ነው የሰማው።

ሰው ንግግሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የሰማውን እዚያው እየተረጎመ ቀጣዩን ይገምታል። ተመራማሪዎች ይህን ያዩት በዓይን ነው። ፊቱ ዕቃ ደርድረው ሲያዙት፣ ትእዛዙ ሳያልቅ ዓይኑ ዕቃው ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጆን ትሩዝዌልና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጆችን በዚህ መንገድ ፈተኑ። ፊታቸው ናፕኪን ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት፣ ሌላ ባዶ ናፕኪንና ሳጥን ነበር። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ሲጀምር "እንቁራሪቷን ናፕኪኑ ላይ አድርግ" ይመስላል። ሲያልቅ ግን "ናፕኪኑ ላይ ያለችውን እንቁራሪት ሳጥኑ ውስጥ ክተት" ሆኖ ይገኛል። አዋቂዎቹ ለአፍታ ተታለው ተመለሱ። ልጆቹ ግን በብዛት በመጀመሪያው ግምት ጸኑ፤ እንቁራሪቷን ባዶው ናፕኪን ላይ አስቀመጧት።

አማርኛችንም የራሱ ወጥመድ አለው። "አልማዝ ዳቦውን የበላውን ልጅ ጠራችው" በሉ እስቲ። "አልማዝ ዳቦውን" ሲባል ዳቦውን የበላችው አልማዝ ትመስለናለች። "የበላውን" ስትመጣ ነጥቀን ለልጁ እንሰጠዋለን። እናንተ ሳይታወቃችሁ ነው የምታስተካክሉት። ትንሽ ልጅ እዚህ ጋ ቢደናገር ምን ይገርማል?

ያኔ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም ዋጋ የለውም። (በዚህ የሚታወቁ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ ስም አልጠራም።) ለሁለት ክፈሉት፦ "አንድ ልጅ ዳቦውን በላ። አልማዝ ጠራችው።" ስታዙም አንድ በአንድ ይሁን። "ደብተራችሁን አውጡ" ብላችሁ ደብተሩ እስኪወጣ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ እርሳሱ ሂዱ። እየተናገራችሁ ሰሌዳ ሰሌዳውን አትዩ፤ የልጆቹን ዓይን እዩ። የት እንደሳቱ ከአፋቸው በፊት ዓይናቸው ይነግራችኋል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አልዩ አምባ የምትወርዱት ደግሞ ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚናገሩ ልጆች ያጋጥሟችኋል። በሁለተኛ ቋንቋ የሰሙትን ማብላላት ጊዜ ይወስዳል፤ ስንፍና አይደለም። ጠይቃችሁት ዝም ካለ፣ እጁን ወዳወጣው ጎረቤቱ ከመዞራችሁ በፊት ትንሽ ጠብቁት።