«ለጥ ብሎ ነው የሚያድረው» ብዬ የሞላሁት ፎርም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዳውን ሲንድሮም ያለበት የ5 ዓመት ልጅሽን ጤና የምትገልጪበት ፎርም ክሊኒኩ ሰጥቶሽ «ከታላቅ እህቱ ጋር አወዳድሬ ልመልስ ወይስ ከራሱ ጋር? የእኔ ግምትስ ለሐኪም ምን ይረባዋል?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ። ልጄ 9 ዓመቱን ይዟል፤ ይህን ፎርም ስንት ጊዜ እንደሞላሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

23 ጥያቄ ያለውና «ባለፈው 1 ወር» እያለ የሚጠይቀው ከሆነ ፔድስኪውኤል የሚባለው ነው። ለዳውን ልጆች ተብሎ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ መሮጥ ይቸግረዋል ወይ፣ ከእኩዮቹ ወደኋላ ይቀራል ወይ ሲልሽ ያየሽውን እንዳለ ሙዪው፤ ነጥቡ ዝቅ አለ ብለሽ ግን አትደንግጪ፣ ታሟል ማለት አይደለም። (ቁጥሩ ደግሞ ይገለበጣል፦ 0 (ምንም አይቸግረውም) ያልሽው 100፣ 4 (ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይቸግረዋል) ያልሽው ዜሮ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ 4 ጎበዝ ማለት መስሎኝ ነበር።) እህቱን ተያት። የአምናውን ከዘንድሮው ስታስተያዪ ነው ነገሩ የሚታይሽ።

እኔን ጉድ የሠራኝ የራሳችን ልማድ ነው። ልጁ እንዴት ነው ሲባል አፋችን «ተመስገን» ብሎ ይቀድማል። 4 ዓመት ሊሞላው ሲል አስተርጓሚው በስልክ «የእንቅልፍ ችግር አለበት?» ቢለኝ «ኧረ የለበትም፣ ለጥ ብሎ ነው የሚያድረው» አልኩ። ሐኪሟ ግን ሆስፒታል ታድሮ የሚደረገውን የእንቅልፍ ምርመራ አዘዘች። «የዳውን ልጆች ሁሉ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ይመረመራሉ፤ ወላጅ የሚለው ከምርመራው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም» አለችኝ። ከፋኝ፤ ልጄን አላውቀውም ልትለኝ ነው?

ያ ሁሉ ሽቦ ጭንቅላቱ ላይ ተለጣጥፎ አብሬው አደርኩ። ውጤቱ ሲመጣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ይቆራረጣል ተባለ። ይሄኔ እናቴ «እሱማ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብሎ፣ ግንባሩን እግሩ ላይ ደፍቶ ነው የሚተኛው፤ እኔ ነኝ ቀስ ብዬ የማጋድመው» አትልም! አብራው የምታድረው እሷ፣ ፎርሙን የሞላሁት እኔ። ማንኮራፋቱንም «አባቱን ወጥቶ ነው» እያልን ስንስቅበት ከርመናል። ቶንሲሉ ወጣለት፤ አሁን ተጋድሞ ያድራል።

ግምትሽን ተይውና ያየሽውን ጻፊ። «ይደክመዋል» ከምትዪ «ድሮ 3ኛ ፎቅ ድረስ ሳያርፍ ይወጣ ነበር፣ ከገና ወዲህ 2ኛው ላይ ቁጭ ይላል» ብለሽ ከጎን ጣል አድርጊበት። የእኔ ልጅ አመመኝ አይልም። ጆሮው ፈሳሽ ቋጥሮ ያየነው ምልክት ቴሌቪዥኑ ሥር መወሸቁ ብቻ ነበር። የሆድ ድርቀትን ፎርሙ አይጠይቅሽም፣ አንቺ ጻፊው። ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ ክብደት መጨመር፣ ፍዝዝ ማለት «ዳውን ስለሆነ ነው» እየተባለ ይታለፋል እንጂ ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሊሆን ይችላል። ፎርሙ ምንም አለ ምን፣ በየዓመቱ የሚደረገው የታይሮይድ የደም ምርመራ እንዳያመልጥሽ።

አስተርጓሚ በነፃ ነው፤ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ፣ ትልቋን ልጅሽን አታስተርጉሚያት። ለመሆኑ ማታ ማታ አብሮት የሚተኛው ማነው? ያን ሰው አጠገብሽ አስቀምጠሽ ፎርሙን ሙዪው።