መጀመሪያ ሐዲዱ፣ ተራራው ይደርሳል

በግል የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ በአንድ ላይ እንጨርሰው። ጉዳያችን የቤት ውስጥ ሞዴል ባቡር ነው። ስለ ሐዲድ፣ ስለ ኩርባና ስለ ሽቦ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። በዛፍና በቀለም ከእኔ የሚሻሉ አባላት አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከወዲሁ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የባቡር ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ሶኬት 220 ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትሰኩት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ባቡር መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ደህና ነኝ። ክፍልህ ስንት በስንት ነው? በሩ ወዴት ይከፈታል? የትኛውን ባቡር ነው የምትወደው? ይህን ሳላውቅ ምን ልበልህ? ለክተህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ቤዝመንት ውስጥ 3 በ4 ሜትር ቦታ አለኝ። ባለቤቴም ፈቅዳለች። ኤችኦ ይሻለኛል ወይስ ኤን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ኤችኦ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያንሳል፤ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር። ኤችኦ ለእጅም ለዓይንም ይመቻል፣ ዕቃውም እናንተ ጋ እንደ ልብ ነው። ኤን ደግሞ ረጅም ባቡር በጠባብ ቦታ ያስኬዳል።

ባንተ ክፍል ኤችኦ ይበቃል። መሃል ላይ ትልቅ ጠረጴዛ ግን አትትከል። ግድግዳውን ተከትለህ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደርደሪያ አዙርና አንተ መሃል ቁም። ማዕዘኖቹ ላይ ሰፋ ያለ ኩርባ ታገኛለህ። ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ከወደድክ ሬዲየሱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ከ45 በታች ከሆነ ፉርጎው ወይ ከሐዲድ ይወጣል፣ ወይ አስቀያሚ ሆኖ ይዞራል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አንድ ሙሉ ኮምፔልሳቶ ገዝቻለሁ፣ 1.22 በ2.44። ግድግዳ አስጠግቼ ላስቀምጠው?

መልስ፦ አይሆንም። ክንድህን ዘርጋና ለካው። ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ አይደርስልህም። ባቡር ደግሞ የሚወድቀው ሁልጊዜ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ወይ እግሮቹ ላይ ጎማ ግጠምለትና እየጎተትክ ሥራ፣ ወይ ለሁለት ሰንጥቀው። ኩርባውንም አስብ። 56 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ብታደርግ ክቡ 1.12 ሜትር ይወስዳል። ከሐዲዱ እስከ ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀረህ ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ከለላ ካልሠራህ ሎኮሞቲቭህ ወለል ላይ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ለካሁ። 2.10 በ1.60 ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። የዕቃ ባቡር ነው የምወደው።

መልስ፦ ጎበዝ። ኤን ሥራ። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል የእንጨት በር ፈልግና ግዛ፤ 80 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር ገደማ የሆነውን። ለጥ ያለ ነው፣ አይከብድም፣ አይጣመምም። ብዙ ሰው ኤን የሚጀምረው በእሱ ነው። በረጅሙ ግድግዳ በኩል አቁመው። ሬዲየሱን 28 ሳንቲ ሜትር አድርገው። ሐዲድ ማቀያየሪያ ከሦስትና ከአራት በላይ ለጊዜው አትግዛ። ትራንስፎርመሩንም ጀርባውን አንብብ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የድሬዳዋን መስመር መሥራት ይቻላል? አባቴ እዚያ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር።

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

እንደምታውቁት የድሮው መስመር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኤችኦ ልኬት እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ምረጥ። እኔን ካየህ ምርጫው ድሬዳዋ ነው። ጋራዡ እዚያ፣ ፉርጎ የሚቀጠለውና የሚፈታው እዚያ። ከተማዋ ራሷ በባቡሩ የተቆረቆረች ናት። ዙሪያውን እየዞረ ከሚመለስ ባቡር ይልቅ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ባቡር አይሰለችም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ሰው ሁሉ ተራውን የኤችኦ ሐዲድ ገዝቶ "ድሬዳዋ" ይለዋል። ተራው ኤችኦ 16.5 ሚሊ ሜትር በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱ የአዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ስፋት ነው! ለድሮው የሚሆነው ኤችኦኤም የሚባለው፣ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። በ87 ሲባዛ 1,044 ይመጣል። 44 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም። ሐዲዱን የእንግሊዙ ፔኮ ይሠራዋል። የጀርመኑ ቤሞ ደግሞ ለስዊስ ተራራ ባቡሮች በዚሁ ስፋት ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ያወጣል። የእኛን መስመር ሎኮሞቲቭ ከካርቶን አውጥቼ አስኬዳለሁ ብለህ አትጠብቅ። አካሉን በ3ዲ ማተሚያ ወይም በፕላስቲክ ትሠራለህ። ከሥር የምታስገባውን ሞተር ከቲቲ ልኬት ልትወስድ ትችላለህ፤ ቲቲ በሐዲድ ስፋት ያው 12 ሚሊ ሜትር ነው።

4 ሜትር ግድግዳ በኤችኦ 348 ሜትር ብቻ ነው። ጣቢያውን እንዳለ ልገልብጥ ካልክ አይገባም። ሕንፃውን፣ ሁለት የመሄጃ መስመር፣ አንድ የጋራዥ መስመርና አንድ የዕቃ መጋዘን ያዝ። በሁለቱም ጫፍ ከግድግዳ ጀርባ የሚደበቅ መቆሚያ አድርግ፤ አንዱ ጅቡቲ፣ ሌላው አዲስ አበባ። የአባትህ ፎቶዎች ካሉ አሳየን።

አባል (ከኦክላንድ)፦ የአስመራው መስመርም በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ያው ሜትር ነው።

አባል (ከስቶክሆልም)፦ አይደለም! የምጽዋ አስመራ 950 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያን የሠራው ነው።

አባል (ከኦክላንድ)፦ በ5 ሳንቲ ሜትር ልንጣላ ነው እንግዲህ? ሊቶሪናዋን፣ ያቺን የጣሊያን ባለሞተር ፉርጎ፣ ማን ነው በማስመሪያ የሚለካት?

አባል (ከስቶክሆልም)፦ እኔ እለካታለሁ።

መልስ፦ 950 ነው፣ ክርክር የለውም። በ87 ሲካፈል 10.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ይሰፋል፣ ለአሜሪካ ጠባብ መስመሮች የሚሠራው የ10.5 ሐዲድ ይጠባል። ወደ 10.5 ይቀርባል፣ ዕቃው ግን በ12 ይበዛል። የፈለጋችሁትን ምረጡ። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ዲሲሲ (ዲጂታሉ መቆጣጠሪያ) የግድ ነው? አናሎጉ አይበቃም?

መልስ፦ አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ካለህ አናሎግ ይበቃል። በአናሎግ የምትቆጣጠረው ሐዲዱን ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር በላዩ ያለው ሁሉ ይፈጥናል። በዲሲሲ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፣ በኤችኦ ወደ 14 እና 15 ቮልት። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በውስጡ ባለው ዲኮደር የራሱን ቁጥር ሲጠራ ብቻ ይሰማል። ሁለት ባቡር በአንድ መስመር ላይ ለየብቻ ለመንዳት እሱ ነው የሚሻለው።

አባል (ከሽቱትጋርት)፦ የጀርመኑን መርክሊን ባቡር ገዝቶ መገላገል ነው። ሦስት ሐዲድ፣ ምንም ጣጣ የለው።

አባል (ከሜሪላንድ)፦ መሃል ላይ ነጠብጣብ ያለው ሐዲድ? ያ መጫወቻ ነው።

አባል (ከሽቱትጋርት)፦ መጫወቻ ያልከው ከአባቴ ተረክቤው ዛሬም ይሄዳል። ያንተ ያለፈው ሳምንት ቆሞ አልነበር?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። መርክሊን ጥሩ ነው፤ ግን የመርክሊንን ፉርጎ በሁለት ሐዲድ ላይ አታስቀምጡ። ጎማዎቹ ከአክስሉ ጋር በብረት የተያያዙ ስለሆኑ ሾርት ያደርጋል።

ሽቦውን ካነሳን ዘንድ ልጨርሰው። ሐዲድ ከሐዲድ የሚያገናኘውን ትንሽ ብረት አትመኑ። ዛሬ ይሠራል፣ ከዓመት በኋላ ይዝጋል፣ ባቡሩም መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ከጠረጴዛው ሥር የቤት መስመር የሚዘረጋበትን 2.5 ካሬ ሁለት ሽቦ ዳር እስከ ዳር ዘርጉ። በየአንድ ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ በየዱ። ስትበይዱ የራዲያተር ጠጋኞች አሲድ አትንኩ፤ ሐዲዱን ውሎ አድሮ ይበላዋል። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነውን ተጠቀሙ፣ መስኮትም ክፈቱ።

ከዚያ የሳንቲም ፈተና። የአንድ ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ጣሉ። መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን መቁረጥ አለበት። በየሜትሩ ሞክሩት። አንድ ቦታ ላይ ካልቆረጠ እዚያ ሽቦው ቀጥኗል። ሳትፈትኑ ከተዋችሁት አንድ ቀን ሾርቱ ሳይቆረጥ ቆይቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መስመር ሲመለስ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ዕቃው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። መስመሩ ዞሮ ራሱን ሲያገኝ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይጋጠማል። ያ ሾርት ነው። ዙሩ መግቢያና መውጫ ላይ ሁለቱንም ሐዲዶች ቁረጥ። ክፍተቱን በፕላስቲክ ማያያዣ ያዘው። የተቆረጠው ክፍል ከረጅሙ ባቡርህ ይርዘም። ኃይሉን በራሱ በሚገለብጥ ሞጁል በኩል ስጠው። ሐዲዱ በሦስት ማዕዘን የሚገናኝበት ቦታም ያው ነው።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ሐዲዱ ይቆሽሻል። በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ፣ በማግስቱ ተመልሶ ያው ነው።

መልስ፦ ስለምትፈትገው ነው። ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል። ንጹሕ ጨርቅ በ90 ፐርሰንት አልኮል ነክረህ አብስ። የሎኮሞቲቩንም ጎማ አጽዳ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ብዙው ግሊሰሪን አለበት፣ እሱ ይቀራል።

አባል (ከሜሪላንድ)፦ አልኮል ራሱ ቶሎ ያቆሽሻል ይላሉ። ላምባ ይሻላል።

መልስ፦ ክርክሩን አውቀዋለሁ። ላምባ ቤት ውስጥ ይሸታል፣ ይቀጣጠላልም። ልጅ ያለበት ቤት አልመክረውም። አልኮሉም ቢሆን የሐዲዱ ኃይል ጠፍቶ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ተራራና ዋሻ ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ በጀሶ። አሁን ሐዲዱን ላስገባ። ባቡሩ አቀበቱ ላይ ይንሸራተታል።

መልስ፦ ተራራ ከሐዲድ በፊት! በየጊዜው የምለው ይህንኑ ነው። አቀበቱ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዲያልፍ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ያ ማለት 4 ሜትር አቀበት ነው። ያንተ ተራራ ላይ ስንት ሜትር አለ? ዋሻውም ውስጥ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ ቅደደው። ሐዲዱን አንጥፈህ፣ ረጅሙን ባቡር ወደፊትም ወደኋላም ገፍተህ፣ ምንም ሳይወጣ ሲሄድ ብቻ ጠጠርና ኮላ። ከዚያ በኋላ ጀሶውን ትመለስበታለህ።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ያለህን ያህል።

ጥያቄ (ከአዋሽ)፦ የግራር ዛፍ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ እኔን አትጠይቀኝ።

አባል (ከድሬዳዋ)፦ እኔ ልመልስለት። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘህ ግንድና ቅርንጫፍ አውጣ። ላዩን ጠፍጣፋ አድርገው፣ ጃንጥላ እንዲመስል። ቅጠሉ የተፈጨ ስፖንጅ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክረህ ያደረቅከው። አፈር የምታመጣ ከሆነ ንፋው፣ ምድጃ ላይ አድርቀው፣ ነፍሳት እንዳይኖርበት።

መልስ፦ አንቺ ያልሽው ላይ አንድ ልጨምር። አፈሩ ላይ ማግኔት አሳልፍበት። በተለይ የመተሃራው ጥቁር አፈር ብረት አለበት። ሞተር ውስጥ ከገባ ለዘለዓለም ደህና ሁን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህቴ ከዲሲ የላከችልኝን ትራንስፎርመር ሰካሁት። መጀመሪያ ጮኸ፣ አሁን ይሸታል።

መልስ፦ ንቀል። አሁኑኑ ንቀል። አትክፈተው፣ ዳግም አትሞክረው። ጀርባው ላይ "120" ብቻ የሚል ከሆነ አልቋል። ከ100 እስከ 240 የሚል የኮምፒውተር ዓይነት ኃይል መስጫ ግዛ፣ የሚሰጠው ቮልትና አምፔር መቆጣጠሪያህ ከሚጠይቀው ጋር ይግጠም። ሌሎቻችሁም ሰምታችኋል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ለገሃርን እየሠራሁ ነው፣ በእንፋሎት ባቡር ዘመን፣ በ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ። የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ስንት ሳንቲ ሜትር ላድርገው?

መልስ፦ በ1950 አንበሳው እዚያ አልነበረም። በ1930 ነው የቆመው፤ ከዚያ ጣሊያኖች ወደ ሮም ወሰዱት፣ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ሕንፃው ግን ከ1929 ጀምሮ አለ፤ እሱን በደንብ ሥራ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ አንበሳው ከሌለ ለገሃር አይመስልማ!

መልስ፦ ጠረጴዛው ያንተ ነው፣ አስቀምጠው። ወይም እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ መለስ በል፤ እንፋሎቱም አንበሳውም አሉ። ፎቶውን ከነአንበሳው "1950" ብለህ ከላክህልኝ ግን እመልስልሃለሁ።