ጥያቄ አለኝ፦ ድምፄን ላባክነው ወይስ ለማልወደው ልስጠው?

«ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምኖረው ለንደን ነው፣ ዜግነት ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ስለሆነ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። እኔ ልቤ ግሪን ፓርቲ ጋ ነው፣ ጎረቤቴ ግን "እነሱ እዚህ ሰፈር አይገቡም፣ ኮንሰርቫቲቭን ሊጥል ለሚችለው ስጪ" እያለች ትነዘንዘኛለች። የማላምንበትን መምረጥ ማጭበርበር አይሆንም? ፓርቲዎቹስ ራሳቸው ተስማምተው አንዱ ለአንዱ ለምን አይለቅም?» — ብ. ከለንደን

ብ. እህቴ፣ ማጭበርበር አይደለም፣ ድምፁ ያንቺ ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ታክቲካል ቮቲንግ ይለዋል፣ የሚወዱትን ትቶ የሚጠሉትን ሊያሸንፍ ለሚችል መስጠት ማለት ነው። ነገሩን ያመጣው ስርዓቱ ነው፣ 650 የምርጫ ክልል አለ፣ በያንዳንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ይገባል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም፣ ሁለተኛ የወጣው በአንድ ድምፅም ቢበለጥ ባዶ እጁን ይሄዳል። የኛም አገር ስርዓት እኮ ይሄው ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ሲይዝ ሊብ ዴሞች (ሊበራል ዴሞክራቶች) ከሱ ባነሰ 12.2 በመቶ 72 ወንበር ወሰዱ፣ ድምፃቸው ማሸነፍ በሚችሉበት ቦታ ስለተከማቸ ነው፣ በዛ ላይ ብዙ የሌበር ፓርቲ ሰው ኮንሰርቫቲቭን ለመጣል ብሎ ለነሱ ሰጥቷል።

ግን ጎረቤትሽን ዝም ብለሽ አትስሚ። ኬንሲንግተንን ልንገርሽ፣ እሳት የበላው የግሬንፌል ታወር ሕንፃ ሰፈር፣ የሀበሻ ልጅም የማይጠፋበት ሰፈር ነው። በፈረንጆቹ 2017 ሌበር እዛ ያሸነፈው በ20 ድምፅ ነው፣ ሁለት ሚኒባስ እንኳ የማይሞላ ሰው! በ2019 ደግሞ ሌበር 16,618፣ ኮንሰርቫቲቭ 16,768፣ በ150 ተበለጠና ወንበሩ ሄደ፣ ሦስተኛ የወጣው ሊብ ዴም 9,312 ነበረው። የሚገርመው ከምርጫው በፊት አንዳንድ የታክቲካል ምክር የሚሰጡ ድረ ገጾች ኬንሲንግተን ላይ «ሊብ ዴም ምረጡ» ብለው ነበር፣ ሌላው ደግሞ ሌበር ይል ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን ኮንሰርቫቲቭን እጥላለሁ ብሎ ገብቶ ኮንሰርቫቲቭ አለፈ። ከሁለት ያጣ ማለት ይሄ ነው። በርግጥ የሊብ ዴም መራጭ ሁሉ ሌበርን ይመርጥ ነበር አይባልም፣ ግን ከ9,312 ውስጥ 150 ሰው ምን አላት።

እኔም ተሸውጃለሁ። አንዴ በበር የገባ ወረቀት ላይ ሁለት ረጃጅም ባር ያለው ግራፍ አይቼ፣ ሦስተኛው ፓርቲ ጉንዳን አክሎ፣ «እዚህ ማሸነፍ የምንችለው እኛ ብቻ ነን» ይላል፣ አመንኩና መረጥኳቸው። በኋላ መነፅር አድርጌ ከስር ያለችውን ደቃቅ ፅሁፍ ሳነብ ቁጥሩ የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር ምርጫ ውጤት ነው፣ የፓርላማው አይደለም! ፓርቲውን አልጠራውም፣ ሁሉም ያደርጉታል።

ስለዚህ የራስሽ የምርጫ ክልል በ2024 ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ፣ በስንት ተበላለጡ የሚለውን እይ፣ ስሙን ጎግል ብታደርጊው በሁለት ደቂቃ ይወጣል። ግሪን ያን ጊዜ 4 ወንበር ብቻ ነው ያገኘው፣ ግን በ40 ቦታ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም የተሸነፈው በሌበር ነው። ሰፈርሽ ከነዛ አንዱ ከሆነ የጎረቤትሽ ምክር ተገለበጠ፣ ኮንሰርቫቲቩ ድሮውንም ውድድሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ልዩነቱ አስር ሺህ ምናምን ከሆነም ተዪው፣ የልብሽን ምረጪ።

ፓርቲዎቹ ለምን አይስማሙም ላልሽው፣ ይሞክራሉ። በ1997 ታተን በሚባል የእንግሊዝ የምርጫ ክልል ላይ ሌበርና ሊብ ዴም እጩዎቻቸውን አውጥተው ጋዜጠኛው ማርቲን ቤል በግሉ ተወዳድሮ በሙስና ወሬ የታመሰውን የኮንሰርቫቲቭ ሰውዬ ዘረረው። በ2019 ሊብ ዴም፣ ግሪንና የዌልሱ ፓርቲ ፕላይድ በ60 ቦታ ላይ አንዱ ለአንዱ ለቀቁ፣ ሌበር ግን አልገባበትም፣ ሌበርና ሊብ ዴም ሲሻሙ የሚሆነውን ኬንሲንግተን ላይ አይተሻል። ብሬኮን የሚባል የዌልስ ቦታ ነሐሴ ላይ በማሟያ ምርጫ እንዲሁ ተባብረው አሸነፉ፣ በዚያው ዓመት ታህሳስ ላይ ተባብረውም ተሸነፉ። በዛው ምርጫ የብሬክሲት ፓርቲ መሪ የነበረው ፋራጅ ኮንሰርቫቲቭ በያዛቸው 317 ቦታዎች እጩ አላቀርብም አለ፣ ቦሪስ ጆንሰን 365 ወንበር ይዞ ወጣ። መሪዎቹ ቢጨባበጡም እታች ሰፈር ያሉት የፓርቲ ሰዎች ሆድና ጀርባ ናቸው እኮ፣ አስር ዓመት ካውንስል ላይ ሲነካከስ የኖረ ሰው ሄዶ የጠላቱን ወረቀት አይበትንም፣ መራጩም እንደ እቃ ከአንዱ ወደ ሌላው አይጫንም።

«ሌላ ከተማ ካለ ጓደኛዬ ጋር ድምፅ ብንለዋወጥስ፣ እሱ እዛ የኔን ፓርቲ፣ እኔ እዚህ የሱን ብንመርጥ? መታወቂያስ ያስፈልጋል?» — ከማንቸስተር

ገንዘብ እስካልገባበት ወንጀል አይደለም፣ ግን ምርጫው ሚስጥር ስለሆነ ጓደኛህ ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ የምታውቅበት መንገድ የለም። መታወቂያ አዎ፣ ፓስፖርት ወይ መንጃ ፈቃድ፣ ጊዜው ቢያልፍበትም ፎቶው አንተን እስከመሰለ ይሰራል፣ ምንም ከሌለህ ቀደም ብለህ ካመለከትክ በነፃ የሚሰጥ የመራጭ ካርድ አለ። ጣቢያው ክፍት የሚሆነው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ከስራ ወጥተህም ትደርሳለህ።