ኮይሉ ሲወዛወዝ የሚጮህ የወርቅ መፈለጊያ

ከቡሬ የጻፉልን አንባቢ የወርቅ መፈለጊያ ማሽናቸው ኮይሉን (መሬቱን የሚፈትሸውን የታችኛውን ክፍል) ሲያወዛውዙት ያለ ምክንያት እንደሚጮህ፣ ገመዱን ከኮኔክተሩ (ማሽኑ ላይ ከሚሰካው ጫፍ) አጠገብ ጨበጥ ሲያደርጉት ግን እንደሚረጋ ገልጸው፣ አዲስ ኮይል መግዛት ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ለመግዛት አይቸኩሉ። ገመዱ ሲያዝ ድምፁ የሚረጋ ከሆነ ብልሽቱ ገመዱ ወደ ኮኔክተሩ በሚገባበት ቦታ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ገመዱ በሥራ ላይ ዘወትር የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ፣ ከላስቲኩ ሥር ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

በመጀመሪያ ማሽኑን አጥፍተው ባትሪውን ያውጡ፤ ከዚያም ኮኔክተሩን ነቅለው በውስጡ ያሉትን የብረት እግሮች በብርሃን ይመልከቱ። በክረምት ጭቃና እርጥበት ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ካበጀ፣ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽድተው በደንብ ካደረቁት ችግሩ እዚሁ ሊያበቃ ይችላል።

እግሮቹ ንጹሕ ከሆኑ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 200 ኦም ላይ አድርገው፣ እርስ በርስ የሚገናኙትን እግሮች ጥንድ በጥንድ ይፈልጉ። ቁጥሩ እንደ ኮይሉ ዓይነት ስለሚለያይ ዋናው ነገር መጠኑ ሳይሆን መርጋቱ ነው። ረዳትዎ ገመዱን ከኮኔክተሩ ሥር ቀስ እያደረገ ሲያጥፈው ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ የተበጠሰው እዚያ ነው። የሚዘለው ገመዱ በኮይሉ በኩል ሲታጠፍ ከሆነ ግን፣ ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ በሙጫ የተሞላ በመሆኑ በቤት ውስጥ እንዲከፍቱት አልመክርም።

ኮኔክተሩን ለመቀየር የእግሮቹ ቁጥርና አቀማመጥ አንድ የሆነ ምትክ ካገኙ በኋላ፣ ገመዱን ከኮኔክተሩ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቀው ይቁረጡ፤ የገመዱ ርዝመት የኮይሉን ባሕርይ ስለሚነካ አብዝተው አያሳጥሩት። የተቆረጠውን ቁራጭ አይጣሉት፤ የትኛው ቀለም ወደ የትኛው እግር እንደሚሄድ ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው መለኪያ ላይ አድርገው ሲፈትሹት የሚነግርዎ እሱ ነው። የተበጠሰው ሽቦ ዝም ካለ ቁራጩን እያጠፉ ይሞክሩት፣ አንድ ቦታ ላይ ቴስተሩ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላሳስብ፦ ከፊት ሲያዩት በቀኝ ያለው እግር፣ ሊድ (ሽቦውን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ቀላጭ ብረት) በሚደረግበት በኋላው በኩል ሲያዩት በግራ ነው።

የኮኔክተሩን ሽፋንና ሽሪንኩን (በሙቀት የሚኮማተረውን የፕላስቲክ ቱቦ) አስቀድመው ገመዱ ላይ ያስገቡ። ሊዱ 60 በ40 (60 በመቶ ቲን፣ 40 በመቶ እርሳስ) የሆነና በውስጡ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ የዛፍ ሙጫ (ሮዚን) ያለው ይሁን፤ ቆርቆሮ ለመበየድ የሚያገለግለው አሲድ ግን ሽቦውን ውሎ አድሮ ስለሚበላው ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ሽቦዎቹን የሚሸፍነውን የተጎነጎነ መዳብ ሲያጠነጥኑ አንዲት ክር እንኳ አምልጣ ሌላ እግር እንዳትነካ ይጠንቀቁ፤ ማሽኑ እንደገና የሚያብደው በእሷ ነው።

ሊዱ የቱንም ያህል ቢያምር የገመዱን ጉተታ መሸከም የለበትም። የኮኔክተሩ ማጥበቂያ የውጭውን ላስቲክ ጨብጦ መያዙን ያረጋግጡ፤ ሲገጥሙትም ገመዱን በዘንጉ ላይ ጠምጥመው፣ ከኮኔክተሩ አጠገብ ትንሽ ላላ አድርገው ይሰሩት።