ልስኑ ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን ፈልጊ

አንዲት እህት ከጉለሌ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የወላጆቼ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ3 ዓመት በፊት የውጭውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንነው። አሁን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ እየተነፋ ይወድቃል። እናቴ የሚተኙበት ክፍል ጥጉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አንዱ ግንበኛ እንደገና በሲሚንቶ እንለስነው አለኝ። ሌላው አፍርሺው አለ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። ልስኑ የሚወድቀው ከጀርባው ያለው ጭቃ ስለራሰ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ ብታስለስኚው የሚቀጥለው ክረምት መልሶ ያወርደዋል።

የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። የወላጆችሽ ቤት ይህን ያህል ዓመት የቆመው በዚህ ነው። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ቅርፊት ነው። ጭቃው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትከፈታለች። ውሃ በእሷ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ግድግዳውን የያዘው የእንጨት ቋሚ እግር ላይ ይጠራቀማል። ቋሚ የሚሆነው ባህር ዛፍ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ብዙ ዕድሜ አለው። አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ፣ አፈር ውስጥ ሲቆም ግን ይበሰብሳል።

አንድ ጊዜ እንደ እናንተው ዓይነት ቤት ስጠግን፣ የልስኑን ጠርዝ በመሮ ገና ነካ ሳደርገው አንድ ሜትር የሚያህል ቁራጭ እንደ መዝጊያ ተገንጥሎ መጣ። ጀርባው ላብ ያላበው ይመስል ነበር። ጭቃውን ስጨብጠው ጣቶቼ መካከል ሾለከ። ቋሚው ለዓይን ደህና ነው። ካቻቢቴ ስሰካበት ግን እስከ እጀታው ገባ። ቤቱን ያቆመው ማገሩና ልስኑ ተደጋግፈው ነበር። ቤተሰቡ እዚያ ውስጥ ልጆች ያሳድጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቋሚ እግር ሳላይ ልስን አልነካም።

አሁን ወደ አንቺ ቤት። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ጣራውን እይ። አሸንዳ አለው? ካለውስ ተደፍኗል? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር በሆነ የጣራ ክንፍ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይሆናል። ስድስት በርሜል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ከሰዓት ግድግዳው ሥር ሲወርድ፣ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጫል። ልስንሽ እስከ ጉልበት ብቻ መውደቁ ከሁሉ በላይ ይህን እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ቀጥለሽ መሬቱን እይ። ሰፈሩ ወይም ግቢው ኮብልስቶን ሲነጠፍ መሬቱ ከፍ ብሎ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረበት ብዙ ቦታ አለ። የቤቱ ወለል ከግቢው ዝቅ ካለ ውሃው ቤቱን ማጠራቀሚያው አድርጎታል ማለት ነው። የቧንቧ መስመርም አትርሺ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተሽ የውሃ ቆጣሪውን አንብቢ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካገኘሽው መሬት ውስጥ የሚያፈስ መስመር አለ። ከመኝታ ቤቱ ጥግ ጀርባ መታጠቢያ ወይም የጎረቤት ሽንት ቤት ካለ ደግሞ ከዚያ ጀምሪ።

ከውሃው ቀጥሎ ቋሚዎቹን ፈትሺ። ልስኑን በጣትሽ አንጓ እያንኳኳሽ ሂጂ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል። ቋሚው ባለበት ቦታ ትንሽ ከፍተሽ፣ መሬት የሚነካበት ላይ ካቻቢቴ ስኪ። ጤነኛ እንጨት እንቢ ይላል። ምስጥ የበላው እንደ ወረቀት ይበሳል። ከግድግዳው አናት ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) አውርጂና ክሩ ላይና ታች ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ለኪ። ስንጥቅ ካለ ትንሽ ጄሶ አቡክተሽ አሻግረሽ ለጥፊበትና ቀኑን ጻፊበት። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። መሬታችሁ ዋልካ፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ስንጥቁ በበጋ ሊከፈት፣ በክረምት ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ወቅት ሳታዪ አትፍረጂ።

ሥራው ከውሃው ይጀመር። አሸንዳ ግጠሙ፣ መውረጃውንም ከቤቱ አርቁት። ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን መሬት ቆፍራችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ወደ ውጭ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። ውሃው የሚሄድበት ቦይም መጨረሻው ላይ መውጫ ይኑረው። ከዚያ የተነፋውን ሲሚንቶ አንሡና ግድግዳው ይተንፍስ። ይህን የክረምት ሥራ አታድርጉት። መስከረም ሲያልቅ ብትጀምሩ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ከማንም ባለሙያ በላይ ያግዛችኋል። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ በነዚህ ቤቶች የድሮ ሽቦ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። የጥገና ፈቃድም አስቀድማችሁ ወረዳ ጠይቁ።

የበሰበሰ ቋሚ አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ቀን አይቆረጡም። ጣራውን የተሸከመውን አግዳሚ በወፍራም ደገፋ ያዙ፤ ከደገፋው ሥር ክሪክ ገብቶ ሸክሙን ብቻ ይቀበል። ጣራ ላንሳ ያለ ሰው ሌላውን ጎን ይሰነጥቀዋል። የበሰበሰውን እግር እስከ ጤነኛው ቆርጣችሁ፣ በቦታው ጥቁር ድንጋይ በሲሚንቶ ገንቡ። የእንጨቱን ጫፍ ሬንጅ ቀብታችሁ ድንጋዩ ላይ አሳርፉትና በሽብልቅ አጥብቁ። በቋሚዎቹ መካከል ያለውንም እስከ ጉልበት በድንጋይ ሙሉት። ያኔ እንጨትም ጭቃም መሬት አይነካም። የአንድ ግድግዳ ቋሚ ከግማሽ በላይ በስብሶ ከተገኘ፣ ወይም ቱንቢው ግድግዳው በግልጽ እንዳዘነበለ ካሳየሽ፣ ቁሙ። መሐንዲስ ጥሩ። አፍርሺው ያለሽ ሰው ልክ ሊሆን የሚችለው ያኔ ነው።

ከድንጋዩ በላይ መልሳችሁ በጭቃ ምረጉ። የወደቀውን አሮጌ ጭቃ አትጣሉት፤ ሻጋታ የሌለበትን በውሃ አርሳችሁ ቀላቅሉት። የአፈሩን ነገር ለማወቅ እንቁላል የምታክል ድቡልቡል ሠርተሽ ጥላ ሥር አድርቂ። ብዙ ከተሰነጠቀች ጭድና አሸዋ ይጨመር። በጣትሽ ከፈረሰች አፈሩ አሸዋማ ነው፤ የሚያጣብቅ አፈር ፈልጊ። ጭዱ የጤፍ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ጭቃውን በደንብ ይይዛል። ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፣ በየሁለት ቀኑም ይረገጥ። ቀጣሪ ቸኩሎ በማግሥቱ የሚያስመርገው ጭቃ ነው ቶሎ የሚረግፈው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ቢሰነጠቅ አትደንግጪ፤ ስንጥቁ ለሁለተኛው መያዣ ነው። ውሃ ረጭታችሁ ስስ ልስን ድገሙት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ኖራ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። ኖራው ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፣ መልኩንም ያሳምረዋል። ዓይን ግን ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት አይቅር። ሲሚንቶ ካላማራችሁ በቀር በየሁለት ዓመቱ ኖራ መድገም ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ይህ ሁሉ እስኪጀመር የእናትሽን አልጋ ከዚያ ጥግ አርቂው። ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ። ቁም ሳጥንም ካለ እንዲሁ። ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈት። የሻጋታ አየር ለአረጋዊ ሳንባ ከባድ ነው፤ አልጋውን ግን ዛሬ ማታ ማራቅ ትችያለሽ።